የጭነት መኪናዬን መብራት ባደምቅ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር አሳወርሁ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የአይሱዙ ሹፌር

ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ጭነት የማመላልስበት አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። መኪናው ባለ 24 ቮልት ሲሆን፣ የሚወስደው አምፖል አጭሩንና ረጅሙን መብራት በአንድ ላይ የያዘውን ኤች 4 ነው። ደብረ ብርሃንን አልፌ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን ስይዝ አጭሩ መብራት ከመኪናው ፊት ብዙም አይርቅም፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ወይም ከብት የሚነዳ ልጅ መንገድ ዳር ቢኖር የማየው አጠገቡ ስደርስ ነው።

ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የኤልኢዲ አምፖል ገዝቼ አስገጠምሁ። ብርሃኑ በእርግጥ ደምቋል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ለፊቴ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ረጅሙን ያበራሁ እየመሰለው መብራቱን ያብለጨልጭብኛል። ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ሳልደርስ አንድ ሚኒባስ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ቆመ፤ ሰው አልተጎዳም፣ እኔ ግን እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ልቤ አልተመለሰም። እኔ እንዳይ ብዬ ሌላውን አደጋ ላይ መጣል አልፈልግም፤ ወደ ደብዛዛው መብራት መመለስም ያስፈራኛል። የምታውቁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አዳማ

ወንድሜ፣ የቀድሞውን አምፖል ካልጣሉት በእጅዎ ይዘው በደንብ ይመልከቱት። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ፤ ከአንደኛው ሥር እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ብረት ተቀምጣለች። ያች ብረት የአጭሩ መብራት ብርሃን ከአንጸባራቂው (ከአምፖሉ ኋላ ካለው መስታወት መሳይ ሳህን) የታችኛው ግማሽ እንዳይደርስ ትከልላለች፤ ባትከልለው ኖሮ ያ ግማሽ ብርሃኑን ወደ ላይ፣ በቀጥታ ወደ መጪው ሹፌር ዐይን ይመልሰው ነበር። መብራቱን ግድግዳ ላይ ሲያበሩ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን የሚያደርገው ጥርት ያለ ወሰን የሚገኘው በእርሷ ነው።

የፋብሪካው አንጸባራቂ የተቀረጸው ለዚያ ቀጭን ሽቦና ለዚያ ቦታ ብቻ ነው። እርስዎ ያስገጠሙት አምፖል ብርሃን የሚያወጣው ከጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ ከተለጠፉ ነጥቦች ስለሆነ፣ ምንጩ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ፈቀቅ ሲል ወሰኑ ይፈርሳል፤ ብርሃኑም ቅጠሉ ላይም፣ ሰማዩ ላይም፣ ሰው ፊት ላይም ይረጫል። ዜኖን የሚባለውን ሌላ ደማቅ አምፖል ገዝተው ቢቀይሩትም ችግሩ ያው ነው። በጉም ውስጥ ደግሞ ወደ ላይ የተረጨው ብርሃን ተመልሶ የሚመጣው ወደ ራስዎ ዐይን ነው።

የቀድሞው መብራት ለምን ደበዘዘ የሚለውን ግን ማንም ሳይመረምር ወደ ሱቅ መሮጡ ያሳዝነኛል። ሞተሩ እየሠራ፣ አጭሩ መብራት በርቶ ሳለ፣ በመጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ሶኬት ላይ ቮልቴጁን ያስለኩ። በእንዲህ ዓይነት አምፖል ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በአሮጌ መኪና ላይ የመብራቱ ኃይል በሙሉ የሚያልፈው በቀጭን ገመድ፣ በተቃጠለ ማብሪያና ዝገት በያዘ የሻሲ ማሰሪያ (የመብራቱ ኔጌቲቭ ገመድ ከመኪናው ብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ) በኩል ስለሆነ፣ ግማሹ ብርሃን መንገድ ላይ ይቀራል ብል ብዙ አላጋነንሁም። መፍትሔው ከባትሪው ወፈር ያለ ገመድ በፊውዝ አውጥቶ በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል በሚያበራና በሚያጠፋ መቀያየሪያ) አማካይነት ለአምፖሎቹ መስጠት፣ የሻሲውንም ማሰሪያ እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ መፋቅ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ደረጃውን የጠበቀ 75/70 ዋት አምፖል ያስገቡ፤ ሶኬት የሚያቀልጠውን 100 ዋት ወይም መስታወቱ ሰማያዊ የተቀባውን አይግዙ፤ ቀለሙ ራሱ ብርሃን ይቀንሳል። የመብራቱ ፕላስቲክ ሽፋን ቢጫ ሆኖ ከሆነ ያስወልውሉት፤ የውስጡ ብር መሳይ ቅብ ከተላጠ ግን ሙሉ መብራቱን ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም። ሲቀይሩም ከጃፓን የመጣ ያገለገለ መብራት እንዳይሰጥዎ ይጠንቀቁ። በዚያ አገር የሚነዳው በግራ ስለሆነ አጭሩ መብራት ከፍ የሚለው በግራ በኩል ነው፤ በእኛ አገር ያ ወገን መጪው መኪና ያለበት ነው።

መልስ፦ የቦቴ ሹፌር፣ የጅቡቲ መስመር

እኔ የምጽፈው ከዚያኛው መብራት ፊት ሆኜ ነው። ከአዋሽ ወደ ገዋኔና ሚሌ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ አንዱን ነጭ መብራት ለብዙ ደቂቃ እያየሁት እመጣለሁ፤ የሚከፋው ግን ካለፈኝ በኋላ ያለው ጨለማ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል፤ ዐይኔ እስኪመለስ ያን ሁሉ ርቀት የምነዳው በጸሎት ነው። በአንዲት ሌሊት እንዲህ ያለ መኪና ካለፈኝ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት የግመል እግሮችን ነበር፤ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ከመብራቴ ጫፍ ላይ ቆመው፣ የቀረው አካል በጨለማ ውስጥ። ፍሬኑ ያዘልኝ፤ ግመሉም ሳይቸኩል ተሻገረ። ዕድሜ ሲጨምር ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜም ይረዝማል፤ ወጣቶቹ ይህን ቢያስቡልን።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት የሚስተካከለው ብዙ ጊዜ ባዶ መኪና ጋራዥ ሲገባ ነው። ሲጫን ግን የኋላው ባሌስትራ ይተኛና የፊቱ ቀና ይላል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢነሣ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህም መንገዱን ትቶ ወደ ሰው ዐይን መሄድ ነው።

መልስ፦ ሌላ የአይሱዙ ባለንብረት

እኔ ኤልኢዲውን ሳላወጣ ሁለቱን መብራቶች ዝቅ አስደርጌ እየነዳሁ ነው፤ የሚያብለጨልጩብኝም ቀንሰዋል። እንዲህ ቢያደርግ አይበቃውም ትላላችሁ?

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ወሰኑ የጠፋ ብርሃን ዝቅ ቢል የሚበዛው ክፍል መኪናዎ ፊት አስፋልቱ ላይ ይከመራል እንጂ ወደ ላይ የሚረጨው አይቆምም። ቅርቡ በጣም ሲደምቅ ዐይንዎ ለዚያ ስለሚለምድ ሩቁ ይበልጥ ይጨልምብዎታል፤ ያበራልኝ የሚመስልዎም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጠያቂው ማስተካከያውን ላስረዳ። መኪናውን እንደ ዘወትሩ ጭነው፣ የጎማውን አየር አስተካክለው፣ ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው ያቁሙ። ከመሬት እስከ አምፖሉ መካከል ያለውን ከፍታ ለክተው ግድግዳው ላይ በኖራ ያስምሩ። የአጭሩ መብራት ወሰን ከዚያ መስመር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት፤ በቀኝ በኩል ብቻ ጥቂት ከፍ ይላል። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነው ሌላውን ለየብቻ ያስተካክሉ።

መልስ፦ የአይሱዙ ሹፌር (ጠያቂው)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪው ላይ 27.6 ቮልት፣ አምፖሉ ሶኬት ላይ 23.9 ቮልት ተገኘ፤ ሠራተኛው ሲያሰላው ብርሃኑ 40 በመቶ ገደማ ጎድሎ ኖሯል። የግራው መብራት የሻሲ ማሰሪያ በካቻቢቴ ሲነካ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ሁለት ሪሌ ገባ፣ ገመዱ ተቀየረ፣ ሽፋኑ ተወለወለ፣ የቀድሞው ዓይነት አምፖልም ተመለሰ። 40 ኩንታል ጭኜ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ፊት አስተካከልነው።

ትናንት ሌሊት በጣርማ በር ወረድሁ። ብርሃኑ እንደ ኤልኢዲው ነጭ አይደለም፤ የመንገዱን ዳር ግን ከፊተኛው ይልቅ አርቄ አየሁ፤ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስም መብራት ያብለጨለጨብኝ ሹፌር አልነበረም። አሁን የቀረኝ በባዶ ስመለስ ወሰኑ የት ላይ እንደሚወድቅ በዚያው ግድግዳ ላይ መለካት ነው፤ እሑድ ስመለስ ለክቼ እጽፍላችኋለሁ።