ጨብጥ ታክሜ ተመልሶ ያዘኝ፣ ምን ላድርግ?

የባጃጅ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ነኝ፣ ከአጂፕ መርካቶ ባጃጅ እሠራለሁ። ከሁለት ወር በፊት ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር፣ መግል የመሰለ ፈሳሽም የውስጥ ሱሪዬ ላይ ማየት ጀመርኩ። ጤና ጣቢያ የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል ብዬ አፍሬ ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ ዋጥኩ። ቀለል ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ያው ተመለሰ። ፍቅረኛዬ ምንም አይሰማትም፣ እኔም አልነገርኳትም። ጓደኞቼ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ስለሸናህ ነው ይሉኛል። እውነት ነው? ሁለተኛ እንዳይዘኝስ?

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ድንጋዩ ምንም አላደረገህም። ጨብጥ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፣ የሚተላለፈውም በግንኙነት። ሲፕሮ ደግሞ ጨብጥ ከለመደው ቆየ፣ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ያልለቀቀህ። አሁን የሚታከመው በሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፣ አንዴ ትወጋለህ፤ ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታ አብሮ ሊኖር ስለሚችል ብዙ ጊዜ ለ7 ቀን የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ይጨመርልሃል። ስለ ፍቅረኛህ ግን እለምንሃለሁ። ብዙ ሴቶች ምንም ምልክት ሳይኖራቸው በሽታው አለባቸው፣ ሳይታከም ሲቆይ ወደ ማህፀን ቱቦ ወጥቶ ልጅ እስከማሳጣት ይደርሳል። አንተ ብቻ ብትድን እንደገና ከእሷ ትወስዳለህ። አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እርጉዝ ከሆነች ቀድማ ትንገራቸው፣ ዶክሲ ለእርጉዝ አይሆንም። ሁለታችሁም ታክማችሁ 7 ቀን እስኪሞላ ግንኙነት የለም። በዚያው የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ አድርጉ።

የቆጪ ልጅ፦
እኔም አንድ ሰሞን ደርሶብኛል። ከመርፌው ይልቅ የከበደኝ ለእሷ መንገሩ ነበር። ቤቷ ቡና እያፈላች ሁለተኛው ላይ አወጣሁት፤ ሲኒውን እንደያዘች ዝም አለች፣ ብዙ ዝም አለች፣ ከዚያ "ነገ እንሂድ" አለችኝ። "አንቺ ነሽ ያስያዝሽኝ" ብለህ አትጀምር፣ ማን ከማን እንደያዘው በምን ታውቃለህ? ታመምኩ፣ አንቺም ታከሚ በላት። ኮንዶም ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው፣ መሀል ላይ ማጥለቅ ዋጋ የለውም። ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን እይ፣ ቫዝሊን አትቀባው፣ ይቀደዳል። ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይም አታስቀምጠው።

የባጃጅ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፣ አንተም ወንድሜ። ኮንዶሙን እኮ ባጃጁ ኪስ ውስጥ ነበር የማኖረው። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር አብረን እንሄዳለን።