ከአንድ እንስሳ አንድ ነገር ብትወስዱ የማንን? (ጣጣውም አብሮ ይመጣል)

ቡና_ያለ_ስኳር፦
ሰዎች፣ ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ያከራከረን ጥያቄ ነው። ከአንድ እንስሳ አንድ ችሎታ ብቻ ወስዳችሁ በራሳችሁ ላይ ብትጨምሩ የማንን ትመርጣላችሁ? አንበሳ፣ ንስር ምናምን ይቅርብን፣ ሰልችቶናል። ሕግ ደግሞ አለው፤ ችሎታውን የወሰደ ጣጣውንም ይወስዳል።

እኔ የግመልን ነው የምለው። ሻኛዋ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን ስብ ነው፣ እሱን እርሱት። እኔን የሚገርመኝ ውሃ ሲጠማት የሰውነቷ ሙቀት ሌሊት እስከ 34 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀን ከ40 ያልፋል፣ እሷ ግን ምንም አትሆንም፤ በዚያውም በላብ የሚባክነውን ውሃ ትቆጥባለች። እኔ 38 ስገባ ኑዛዜ ልጻፍ የምል ሰው ነኝ። ጣጣው? ስብሰባ መሃል ማመስኳት።

የሐረር_ልጅ፦
የጅብ ሆድ! ምንም አያጠያይቅም። ሽሮ እንኳ የሚያቃጥለው ጨጓራ ይዤ ነው የምዞረው። ጅቡ ግን ሌላው የተወውን አጥንት ቆርጥሞ ይፈጨዋል፣ እዳሪው ደርቆ እንደ ኖራ የሚነጣውም ለዚሁ ነው። እኛ ጋ ጀጎል ግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ፣ ማታ ገብተው የተጣለውን ሁሉ ጠራርገው ይሄዳሉ። ፀጉር ግን አይፈጭለትም፣ ጠቅልሎ ይተፋዋል። እሱንስ እችለዋለሁ። ትልቁ ጣጣ በዥጉርጉር ጅብ መንጋ ውስጥ አለቃዋ ሴቷ መሆኗ ነው፣ ጎልማሳው ወንድ ከግልገሎቿም በታች ሆኖ ተራውን ይጠብቃል።

የማታ_ፈረቃ፦
ዶልፊን። ግማሽ አንጎሏን አስተኝታ በግማሹ ትጠብቃለች፣ አንድ ዓይኗም ክፍት ነው። እኔ ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ቤት ስገባ ልጆቹ ገና መነሳታቸው ነው፣ ስለዚህ ግማሹ አንጎል ቁርስ ያብላ፣ ግማሹ ይተኛ። ጣጣው ግን ያስፈራል። ዶልፊን እንደኛ ሳታስበው አትተነፍስም፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ራሷ ወስና ነው የምትወስደው። እኔ ደግሞ ምድጃ አጥፍቼ መውጣቴን የምረሳ ሴት ነኝ።

ዝምተኛው፦
ፀጉር የለሹ ፍልፈል። በምሥራቅ ኢትዮጵያም ይገኛል፣ አይጥ የምታክል ናት። አይጥ አራት ዓመት ከኖረች ብዙ ነው፣ እሷ ከ30 በላይ ትኖራለች። ያለ ኦክስጅን 18 ደቂቃ ቆይታ ትነሳለች። ጣጣው መልኳ ነው፣ ፎቶዋን ፈልጋችሁ እዩ፣ ከዚያ እናወራለን።

ቡና_ያለ_ስኳር፦
አየሁት። እግዚኦ! ይቅርብኝ፣ ዕድሜው ይጠር።
@የሐረር_ልጅ ያ የሴቷ አለቅነት ነገር ግን ለአንተ ጣጣ ነው ወይስ የለመድከው?

የሐረር_ልጅ፦
ኧረ ቀስ በል፣ ስልኩን የያዘችው እሷ ናት።