ኤሲኤል (ጉልበት ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዝ ጅማት) ለተበጠሰበት ሰው ሰርጀን በምን ይመረጣል?

ሜሪላንድ_ነዋሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ20 ዓመት ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ኤሲኤሉ ተበጥሷል፤ ኤምአርአይም አረጋግጧል። ድረ ገጻቸውን ሳይ ሁሉም «ስፖርትስ ሜዲስን» ይላሉ። ትክክለኛውን ሰው በምን እንለየው? ምንስ እንጠይቅ?

ነርስ_ዲሲ፦ «ስፖርትስ ሜዲስን» ያለ ሁሉ ኦፕራሲዮን አይሠራም። ለእናንተ የሚያስፈልገው ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ 5 ዓመት የኦርቶፔዲክ (የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና) ረዚደንሲ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ በላዩም 1 ዓመት የስፖርት ፌሎሺፕ ማለትም ተጨማሪ ሥልጠና የጨረሰ ነው። የአሜሪካ የኦርቶፔዲክ ሰርጀሪ ቦርድ ከ2007 ጀምሮ ለዚህ ዘርፍ ለብቻው ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጉ። የክለብ ሐኪም መሆኑ ብዙ አያስደንቃችሁ፤ አንዳንዴ ስፖንሰርነት ነው። ይልቅ «በዓመት ስንት ኤሲኤል ይሠራሉ?» በሉ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁም ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ አለበት።

ፊዚዮ_ጌታ፦ ወረቀቱ እንዳለ ሆኖ አመራመሩን እዩ። ጥሩ ሰርጀን በኤምአርአይ ብቻ አይፈርድም። መጀመሪያ ጤነኛውን እግር ለማነጻጸሪያ ያያል፤ ከዚያ የተጎዳውን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፎ፣ በአንድ እጁ ጭኑን ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ላክማን የሚባለው የኤሲኤል ምርመራ ይኸው ነው።

«በዚህ ሳምንት እንሥራው» ካለ ምክንያቱን ጠይቁት። ጉልበቱ እንዳበጠና በደንብ ሳይዘረጋ ከተሠራ ውስጡ ጠባሳ ይይዝና ግትር ብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እብጠቱ እስኪወርድና እግሩ ቀጥ እስኪል፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሳምንታት፣ ፊዚዮቴራፒ ይሠራል። የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) ተገልብጦ ጉልበቱን ከቆለፈው ግን ያ መጠበቅ የለም።

ሜሪላንድ_ነዋሪ፦ እናመሰግናለን። በተበጠሰው ምትክ የሚተከለው ጅማትስ ከየት ቢወሰድ ይሻላል? ወንድሜ ስግደት አይተውም።

ፊዚዮ_ጌታ፦ ይህን ለሰርጀኑ ሳትነግሩ እንዳትወጡ። ከጉልበቱ ሎሚ በታች የሚወሰደው ጅማት ከነአጥንቱ ስለሚተከል ቶሎ ይይዛል፤ ሲንበረከኩ ግን ሊያም ይችላል። ከጭን ኋላ የሚወሰደው ለመንበርከክ ይሻላል፣ እግር የማጠፍ ኃይልን ግን በመጠኑ ይቀንሳል። ከሟች የተወሰደ ጅማት ካቀረበላችሁ «ለምን?» በሉት፤ በዚህ ዕድሜ መልሶ የመበጠስ ዕድሉ ከራስ ጅማት ይበልጣል።

ወደ ሜዳ መመለስ ከ9 ወር በፊት አይታሰብ፤ ያኔም የጭኑ ጡንቻ ኃይል ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ ሲደርስ ነው። ሕመሙ ቀድሞ ይጠፋል፣ ጅማቱ ግን ገና አልጠነከረም፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ነርስ_ዲሲ፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባቱ አብጦ ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ኢንሹራንሱም በዓመት ስንት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ እንደሚከፍል አሁኑኑ ደውሉና ጠይቁ፤ ለአንዳንዱ ቁጥሩ ገና በመሀል ያልቅበታል።