የተበየደ የፊት እግር ያለው ቮልስ ቦሎ ይከልከል?

የፊት እግር ሠራተኛ፦
ቴስቲናው (ጎማውን ከፊት እግሩ ክንድ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ከክንዱ ጋር በብየዳ የተያዘ ቮልስ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ የለበትም እላለሁ። ቦሎ ይከልከል። ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ያለው ተራ ቮልስ የፊት እግሩ የቆመው በአራት ቴስቲና ነው፤ በየጎማው አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። ክንዱ ውስጥ በፕሬስ ተጨምቆ ይገባል እንጂ የሚይዘው ብሎን የለውም። በመዶሻ እየተመታ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ክንድ ቀዳዳው ይሰፋል፣ አዲሱ ቴስቲና ይላላበታል። ያን ጊዜ ዙሪያውን ሦስት አራት ቦታ ብየዳ ነካ ነካ ያደርጉታል። ሙቀቱ ኳሱ የተቀመጠበትን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ጎሚኒውን (የላስቲክ ሽፋኑን) ያቃጥላል፣ የክንዱንም ብረት ጥንካሬ ይለውጣል። ከውጭ ሲያዩት ጥብቅ ነው፤ ኳሱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ይሄዳል። አንድ ጉድጓድ ላይ ከወለቀ ጎማው ፈረፋንጎው ሥር ይተኛል፣ መሪውም ከእጅ ይወጣል።

ቶርኖ ቤት፦
በቴስቲናው አልከራከርህም ወንድሜ። ግን “የተጠገነ ሁሉ ይከልከል” ወደሚለው እንዳንሄድ። እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) ያለው ቮልስ በቴስቲና ፈንታ ፔርኖና ቦኮላ ነው (ፔርኖ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ፣ ቦኮላ ዘንጉ የሚገባበት ቀለበት)፤ የፔርኖው ቦኮላ ደግሞ ከብሮንዞ በደንብ ከተሠራ ከፋብሪካው አያንስም። የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቦኮላው የግራሶ ቀዳዳ ከኒፕሉ (ግራሶ ከሚሞላበት ጫፍ) ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ የተሞላው ግራሶ ፔርኖው ጋ አይደርስም፤ ብሮንዞው ደርቆ በወራት ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የላይኛውና የታችኛው ቦኮላ ለየብቻ ከተጠረጉ መስመር ይስታሉ፤ ከገቡ በኋላ ሁለቱንም በአንድ ረጅም ሪመር (ቀዳዳ መጥረጊያ) ማስተካከል ግድ ነው። ፔርኖው ግራሶ ተቀብቶ በአውራ ጣት ሲገፋ መግባት አለበት፣ ግን መወዛወዝ የለበትም። ክንዱን የሚያገናኘው ፒን እስኪይዝ ይጠብቅና አንድ ስምንተኛ ዙር ይመለሳል። ሽሞቹም (ስስ የብረት ማሟያዎቹ) ሲፈቱ በነበሩበት ቅደም ተከተል ካልተመለሱ የጎማው ዘንበል ይዛባል።

ግራሶ ሲሞላ የግድ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ይንጠልጠል። መሬት ላይ እንደቆመ ከተሞላ ክብደት ያረፈበት ጎን ተዘግቶ ስለሚቆይ፣ የሚፋተገው ክፍል ሳይቀባ ይቀራል።

መለዋወጫ ሻጭ፣ ሶማሌ ተራ፦
“ዕቃው ስለሌለ ነው የምንበይደው” የሚለው አያስኬድም። ሜክሲኮ ቮልስን እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ስታመርት ነበር፤ ቴስቲናው ዛሬም ይሠራል። ቀዳዳው ለሰፋ ክንድም ከመደበኛው በጥቂቱ የሚወፍር ቴስቲና አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የክንዱን ቀዳዳ በካሊፐር አስለኩ። የላይኛውና የታችኛው አንድ እንዳልሆነም አትርሱ።

ባለ ቮልስ፦
ዕቃውስ አለ፤ ዋጋውን ማን ይክፈለው? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና አገር ውስጥ አይገባም። የኤሌክትሪኩን መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን እየጠገነ ነው የሚነዳ። ዛሬ ቦሎ ከልክላችሁ ነገ ሥራው ሲቆምበት ምን ይብላ? ቢያንስ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠው። ደግሞ ስለ ብየዳ ካነሣን፣ ለማማር ብለው የፊት እግሩን ቱቦ ቆርጠው ፊቱን ዝቅ ያደረጉትስ?

የፊት እግር ሠራተኛ፦
ጊዜ ይሰጠው በሚለው እስማማለሁ፤ ግን እስኪቀየር ድረስ መንገድ ላይ አይውጣ።

ዝቅ ስለማድረግ ጥሩ አነሣህ። ፊቱን የሚሸከሙት በሁለቱ ቱቦዎች ውስጥ ያሉት የላሜራ ሞላዎች ናቸው፤ መሐል ላይ በብሎን ተይዘዋል። የቁመት ማስተካከያ ለማስገባት ቱቦው መሐሉ ላይ ተቆርጦ ይበየዳል። ሞላውን ሳያወጡ ከበየዱት ሙቀቱ ሞላውን ያለሰልሰዋል። አንድ ጎን በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ደግሞ ቱቦው ይጣመማል፣ ክንዱም ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ውስጥ ይጨናነቃል። እየተፈራረቁ አጭር አጭር መበየድ ነው መፍትሔው። በዚያ ላይ በጣም ዝቅ ሲል ቴስቲናው የመዞሪያ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ክንዱ ማቆሚያው ጎሚኒ ላይ ያርፋል፤ የእኛን መንገድ ምት የሚቀበለው እንግዲህ ቴስቲናው ነው። መሪውም ይቀላል፣ መኪናው በፍጥነት ላይ ይቅበዘበዛል። መቅበዝበዙ በታችኛው ቱቦና በሻሲው መሐል ሽም በመጨመር ይስተካከላል። ቁመት መቀነስ የግድ ካስፈለገ ቱቦውን ሳይነኩ የጎማውን አክስል ከፍ ብሎ በተሠራው መቀየር ይሻላል። ዋጋው ይከብዳል፣ የሞላውን እንቅስቃሴ ግን አይነካም።

የምርመራ ቴክኒሻን፦
ሕጉ “ብየዳ” ብቻ ቢል መርማሪ ሁሉ በየፊናው ይተረጉመዋል። የሚለይ ነገር ይጻፍ። ጎማው ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይወዝወዝ፤ ካንቀዋለለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መንቀዋለሉ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቴስቲና ወይም ፔርኖ። ቀጥሎ ክንዱና ቴስቲናው የሚገናኙበት ቦታ በብረት ብሩሽ ተጠርጎ በባትሪ ይታይ፤ ብዙ ብየዳ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። እዚያ ብየዳ ከተገኘ ይውደቅ። ቱቦው ላይ ከሆነ ግን ስንጥቅና መጣመም ታይቶ ይወሰን።

ኩሽኔታ ሆኖ ለተገኘ፦ የግራው ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግልባጭ ነው፣ በተቃራኒው ነው የሚፈታው። በጉልበት ሲያዞሩት ጥርሱን በልተው የሚመጡ አሉ።

ቶርኖ ቤት፦
በዚህ አጻጻፍ ልስማማ፤ አንድ ነገር ግን ይቀራል። ክንዱ ቱቦው ውስጥ የሚዞርበት የመርፌ ኩሽኔታ ሲያልቅ በብሮንዞ ቦኮላ የሚተካ አለ። ያም ይውደቅ?

የምርመራ ቴክኒሻን፦
አይ። ክንዱ በነጻ ከዞረና ካልተወዛወዘ ምን ለውጦ እንዳስገባ አልጠይቅም።

የፊት እግር ሠራተኛ፦
እኔ ግን እጠይቃለሁ። መርፌው የበላው ክንድ ሳይቀየር ቦኮላ ብቻ ከገባ፣ የተበላው ብረት ብሮንዞውን እንደ ሞረድ ይጨርሰዋል። ክንዱ ወጥቶ በጣት ይዳሰስ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ክንዱም ይቀየር።