ፍሬን ስይዝ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ አለ፤ ምን ላድርግ?

የመኪና ነገር የምታውቁ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ፍሬን ስይዝ ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ይወጣል። ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድማ ይብሳል፤ ፔዳሉም እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ሸራው የተቀየረው በቅርቡ ነው። ጎማውን አስፈትቼ ሳየው የውጪው ሸራ ገና ወፍራም ነው። የውስጠኛው ግን ሙልጭ ብሎ አልቆ፣ ብረቱ ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ ላይ ቦይ አውጥቷል። አንዱ መካኒክ «ሸራ ብቻ ቀይሪ» ይለኛል፤ ሌላው ዲስኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጭ ባይ ነው። እኔ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ማንሸራተቻ ፒን ደርቆ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ካልሆነ አንዱ ሸራ ብቻውን ለምን ያልቃል? ልጆቼን የማመላልሰው በእሷ ስለሆነ ፈርቼ አቁሜያታለሁ። ፒኑን አጽድቶ ግራሶ መቀባት ይበቃል ወይስ ካሊፐሩ ይቀየር? ዲስኩስ ይላጭ ወይስ አዲስ ልግዛ?