የ1600 ቮልስ ታይሚንግ ስንት ላይ ይታሰር?

ቮልስ ወዳጅ
ሰላም ቤተሰብ። የ1600 ሞተር ያላት ቮልስ አለችኝ። በቅርቡ ፑንቲና (የእሳቱን ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተቀየረላት፣ መካኒኩም ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) በጆሮው እያዳመጠ ግራ ቀኝ አዟዙሮ አሰረው። ሚኒሞዋ (ቆማ ስትሠራ) ሰላም ነው። ዳገት ላይ ግን፣ በተለይ ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ጉልበት የላትም፤ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ይግላል። ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት፣ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚታሰረው? የታይሚንግ መለኪያ መብራት የለኝም።

ጋራዥ ሰፈር
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከዲስትሪቢውተሩ ወደ ካርቡራተር የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ስንት እንደሆነ እይ። ቱቦ የሌለው፣ 009 የሚባለው ዓይነት፣ ወይም ባለ አንድ ቱቦ ከሆነ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ (ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ) ነው። ባለ ሁለት ቱቦው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣው፣ 5 ዲግሪ ዘግይቶ ነው የሚታሰረው። ይሄን ሳያዩ ማዞር ሞተር መግደል ነው።

ታይሚንጉን ከመንካትህ በፊት ደግሞ ፑንቲናውን 0.4 ሚሊሜትር ላይ አስተካክል። ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ ይዘገያል፤ አዲስ ፑንቲና ደግሞ እግሩ እየተበላ ቶሎ ይጠባል። የአንተም ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ከዚያ ሞተሩ ሳይሞቅ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን) በቁልፍ ወደ ቀኝ አዙረህ ላዩ ላይ ያለውን የዲግሪህን ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር አግጥም። የውስጡ ሮተር ዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ጭረት ማየት አለበት። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ከቦቢናው (ቮልቱን ከሚያሳድገው) ወደ ዲስትሪቢውተር በሚሄደው በኩል፣ ሌላውን ቦዲ ላይ አስረህ ቁልፉን ክፈት። ዳዶውን አላልተህ ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ግራ አዙር። ልክ ሲበራ እዚያው እሰረው። ቁልፉን ከፍተህ ረጅም ሰዓት አትተወው፣ ቦቢናው ይቃጠላል።

ሐዋሳ መንገድ
ትክክል ብሏል። እኔ የምጨምረው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ቀደም ቢል ሞተሩ ይችለዋል፤ ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን ያው ታይሚንግ ሞተር ያንኳኳል። የቮልስ ሞተር ራሱ ጯሂ ስለሆነ ንኳኳታው ላይሰማህ ይችላል፣ ሳትሰማውም ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ በጆሮ የሚያስሩትን አትመን። 009 ከሆነ አንድ ቀን መብራት ተዋስና በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ቀድሞ መሆኑን አረጋግጥ።

ቮልስ ወዳጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ባለ አንድ ቱቦ ነው። ፑንቲናውን አሁን ለካሁት፣ የ0.4 መለኪያዋ ጭራሽ አትገባም።