«ማን ከፈለው?»፦ በጋራ የውሳኔ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ውድ የየክበባቱ አባላት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዋርካው ሥር የጀመርነውን ውይይት እዚህ እንቋጨው። ነፋሱ ከረቂቁ ሁለት ገጽ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ ስለጨመረብን ከማስታወሻዬ መልሼ ጽፌዋለሁ፤ የዘለልኩት ካለ አስታውሱኝ። ባሕር ዳር የምንገኝ የተማሪ ክበባት ገንዘብ በፖለቲካ ላይ ያለውን ጫና ለመቀነስ በጋራ ምን እንጠይቃለን? ረቂቁ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች የገቢ ምንጭ ይፋ እንዲሆን ሕግ ይውጣ። ሁለተኛ፣ በየትምህርት ተቋማችን የንባብና የክርክር መድረክ ይኑር። ሦስተኛ፣ በተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ስጦታ ፈጽሞ ይከልከል። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ጻፉ።

የሕግ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት፦
«ሕግ ይውጣ» የሚለውን እናንሣው። ሕጉ አለ። የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲ ከውጭ ዜጋም ሆነ ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሒሳቡን አስመርምሮ ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንዲያቀርብም ያስገድደዋል። ያለ ሕግ የለም ብለን ደብዳቤ ብንጽፍ በመጀመሪያው መስመር ተዓማኒነታችንን እናጣለን። እኛ መጠየቅ ያለብን ሪፖርቱን ራሱን ነው፤ እንደ ማንኛውም ዜጋ ልናነበው እንፈልጋለን ማለት ነው። ለዚህም የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንገዱን አሳይቷል። የመንግሥት አካል የተጠየቀውን መረጃ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ፣ ካልሰጠም ምክንያቱን ሊያሳውቅ ይገባል። እንቢ ከተባልን አቤቱታችንን ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንወስዳለን። ደብዳቤውን እኔ አረቃለሁ።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ፦
እኔ የምጽፈው ስለ ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ እንዲያውም ሦስተኛው አንደኛ ይሁን እላለሁ። የራሳችንን ቤት ሳናጸዳ የፓርቲዎችን ሒሳብ አምጡ ማለት ራስ ሳይጠና ጉተና ነው።

ቀድሞ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ኅብረት ተወዳድሬ ነበር። ተፎካካሪዬ በሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ባነር ነበረው። ስሙ የታተመበት ከናቴራ አስለብሶ፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ባጃጅ ግቢውን ሲያዞር ሰነበተ። ዓርብ ዕለት ደግሞ የየክፍሉን ተጠሪዎች ሐይቁ ዳር ወስዶ የቆሮሶ ጥብስ ጋበዛቸው። እኔ የውኃ ካርቶን ቀድጄ በጀርባው በማርከር አሥራ አንድ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ሌሊት ዘነበ፤ ጠዋት ስመጣ ስሜ ቀለሙ ወርዶ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መስመር ብቻ ቀርቷል።

መሸነፌ አይደለም የሚቆጨኝ። ከወር በኋላ የግቢው የፎቶ ኮፒ ቤት ለአንድ ነጋዴ ተሰጠ፤ የገጹም ዋጋ ወዲያው ጨመረ። ነጋዴው ያን ሁሉ ከናቴራ ያሳተመው ሰውዬ ነበር። ተመራጩን «ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ረድቶኛል፤ በምን ዓይኔ እንቢ ልበለው?» አለኝ። ልጁ ሌባ አልነበረም። እስከ ዛሬ በደግነቱ ነው የማውቀው። ይሉኝታ ያዘው። ውለታ የበላ ሰው ማንም ሳያስገድደው ራሱን ያስራል፤ ገንዘብ ፖለቲካ ውስጥ የሚገባውም በአብዛኛው በዚህ በር ይመስለኛል። ጉቦ ቢሆን ኖሮ እንከስሰው ነበር። ግብዣን ማን ይከስሳል?

ገንዘብ ያዥ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ፦
እኅቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን «ፈጽሞ ይከልከል» በሚለው አልስማማም። የተከለከለ ስጦታ አይቀርም፤ ደረሰኝ አልባ ሆኖ በጓሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ሒሳብ መርማሪ አናገኘውም። ጣሪያ እናብጅለት። አንድ ዕጩ በጠቅላላው ከ2,000 ብር በላይ አያውጣ፤ ከአንድ ሰው ከ200 ብር በላይ አይቀበል። በዓይነት የተሰጠውም ይቆጠር፤ ባጃጁ «በነፃ» ቢሆንም የቀን ዋጋው በዕጩው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከናቴራውም እንዲሁ። አብዛኛው ማምለጫ በዓይነት የሚሰጠው ነውና ይህን ልብ እንበል። መዝገቡ ድምፅ ከመሰጠቱ ከሦስት ቀን በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከምርጫ በኋላ የሚለጠፍ ሒሳብ ለታሪክ ተማሪዎች ካልሆነ ለመራጩ አይጠቅምም።

የምህንድስና ተማሪ፣ አንደኛ ዓመት፦
2,000 ብር ለእኔ የሁለት ወር የኪስ ገንዘብ ነው። ጣሪያው ሀብታሙን ያስቆመዋል፤ ድሃውን ግን በእግሩ አያቆመውም። ከገጠር የመጣ ተማሪ በምን ይወዳደር?

የሕግ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ የዚህ ሁሉ እምብርት ነው። ሌላ አገር ያሉ ተማሪዎችም እዚሁ ላይ ነው የደረሱት። በአሜሪካ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ አዶናል ፎይል የተባለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2001 ዴሞክራሲ ማተርስ የተሰኘ የተማሪዎች ድርጅት አቋቁሟል። ከሚታገሉላቸው ነገሮች ዋናው የምርጫ ዘመቻ በሕዝብ ገንዘብ እንዲደገፍ ነው። ሜይን በምትባለው ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ1996 ባጸደቁት ሕግ አንድ ዕጩ ከብዙ መራጮች አምስት አምስት ዶላር ሰብስቦ ደጋፊ እንዳለው ካሳየ ለዘመቻው የሚሆን የሕዝብ ገንዘብ ያገኛል። በሲያትል ከተማ ደግሞ ነዋሪው የመረጠውን ዕጩ የሚደግፍባቸው እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ኩፖኖች ይሰጡታል። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ኩባንያዎች ከዕጩው ተነጥለው ለቅስቀሳ የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይችልም ብሎ ወስኗል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 መራጩ የማወቅ መብት አለው በማለት፣ የሰጪው ስም ሳይታወቅ ለፓርቲ ገንዘብ ይሰጥበት የነበረውን «የምርጫ ቦንድ» የተባለ ሰነድ ሽሮታል።

ለእኛ የሚሆነው የሜይኑ ይመስለኛል። 50 ተማሪዎች አምስት አምስት ብር ያዋጡለት ዕጩ ማስታወቂያው በኅብረቱ በጀት ይታተምለት።

የምህንድስና ተማሪ፣ አንደኛ ዓመት፦
ብሩ ይቅርና ፊርማ ይሁን። አምስት ብርም ቢሆን ሲሰበሰብ ጣጣ አለው፤ አንዱ ለሃምሳውም ይከፍልላቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ፦
ልክ ነህ። ፊርማ ይሁን።

የቀድሞ አባል፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጆቼ፣ ረቂቁን አንብቤዋለሁ። በየካቲት 1957 የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ያ ቃል ቆይቶ እኛ መንደር ድረስ መጣ፤ አባቴም ማንበብ ሳይችል ያዘው። ሁለት ቃል ስለነበር ነው። የእናንተ ረቂቅ ስድስት ገጽ ሞልቷል። በገበያ ቀን አንዲት እናት ዞር ብላ ልትደግመው የምትችለው ነገር ፈልጉ።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ካነበብኩ ጀምሮ ሳሰላስል ዋልኩ። የካርቶን ማስታወቂያዬ ግርጌ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር፤ የተፎካካሪዬም ባነር ግርጌ ባዶ ነበር። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ግርጌ «የከፈለው፦» የሚል አንድ መስመር ይኑር፤ ስምም ይጻፍበት። የራሴ ላይ «የከፈለው፦ ራሴ፣ አንድ ማርከር» ብዬ እጽፍ ነበር። የእሱ ላይ የነጋዴው ስም ቢኖር ኖሮ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጨረታ ሲመጣ ሁሉም ያስታውሰው ነበር። የሐሳባችን ስም «ማን ከፈለው?» ይሁን።

የጤና ሳይንስ ተማሪ፦
ስሙን ወድጄዋለሁ። የምፈራው ግን አለ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ «ማን ከፈለው?» ስንል እኛኑ ራሳችንን «እናንተንስ ማን ላካችሁ?» ይሉናል። ለአንዱ ወገን የቆምን እንዳይመስል ምን እናድርግ?

ሰብሳቢ፦
ስጋትሽ ተገቢ ነው። ሦስት ነገር እናድርግ። በየትኛውም ጽሑፋችን የፓርቲ ስም አይጠራ። ለቦርዱ የምንጽፈው ደብዳቤ ሁሉንም የተመዘገቡ ፓርቲዎች በእኩል ይጠይቅ። የእኛን የገቢና ወጪ መዝገብ፣ የሻይዋን ሳይቀር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ።

የተስማማንበትን ላስፍር፤ ቅር ያለው እስከ ነገ ይናገር። የኅብረቱ ምርጫ ጉዳይ አንደኛ ሆኗል፦ «እያንዳንዱ የምርጫ ማስታወቂያ የከፈለውን ሰው ስም በግርጌው ይይዛል። የዕጩ ወጪ ከ2,000 ብር፣ ከአንድ ሰው የሚቀበለው ከ200 ብር አይበልጥም፤ በዓይነት የተሰጠ በገበያ ዋጋ ይቆጠራል። መዝገቡ ድምፅ ከመሰጠቱ ከሦስት ቀን በፊት ይለጠፋል። የ50 ተማሪዎችን ፊርማ ያሰባሰበ ዕጩ ማስታወቂያውን በኅብረቱ በጀት ያሳትማል።» የመረጃ ጥያቄው ደብዳቤ ሁለተኛ፣ መድረኩ ሦስተኛ ነው። የሚቀርበው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጣሪያው 2,000 መሆኑን ግን በግምት ነው ያስቀመጥነው፤ የኅትመት ዋጋ ማወቅ አለብን።

ገንዘብ ያዥ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ፦
ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ማተሚያ ቤቶች ዞሬ ለሃምሳ ማስታወቂያና ለአንድ ባነር የዋጋ ማቅረቢያ በማኅተም አመጣለሁ። አንድ ሰው አብሮኝ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የምህንድስና ተማሪ፣ አንደኛ ዓመት፦
እኔ እመጣለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት እጠብቅሻለሁ።